ኔት ዩዘር፦ ሱቄን ያዳነች አጭር ትዕዛዝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፎቶኮፒና ጽሕፈት እሠራለሁ። ኮምፒውተሮቼ 3 ናቸው፣ የሚነካካቸው ሰው ግን ብዙ ነው። ባለፈው ጠዋት በዚያ ብርድ ሱቁን ከፍቼ አንዱን ሳበራው መግቢያው ላይ የማላውቀው ስም አየሁ። ክው አልኩ። የስንቱ ሰው መታወቂያ፣ የስንቱ ተማሪ ማመልከቻ እዚያ ውስጥ ነው ያለው!

መላ የሆነኝ ዊንዶውስ ውስጥ ድሮም ያለው፣ የኮምፒውተሩን ተጠቃሚዎች የሚያሳየው ኔት ዩዘር (net user) የሚባል ትዕዛዝ ነው። ሲኤምዲ (cmd) ብላችሁ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ትከፍታላችሁ፣ ኔት ዩዘር ትጽፋላችሁ፣ ኢንተር። በቃ፣ ስሞቹ ተደርድረው ይመጣሉ። ከኋላው ያንን ስም ስጨምርበት ደግሞ አካውንቱ ይሠራ እንደሆነ፣ ፓስዎርዱ መቼ እንደተቀየረ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተገባበት፣ በየትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ አንድ በአንድ ዘረዘረልኝ። ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ማዘዝ የሚችሉት ቡድን፣ አድሚኒስትሬተርስ ውስጥ ነበር! ለካ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደረገልኝ ልጅ ከፍቶ ረስቶት ኖሯል።

አንዳንድ ነገር ያስቸግራል። ስሙ ክፍተት ካለው በትምህርተ ጥቅስ ካልታጠረ አይሰማችሁም። በኢሜይል የተከፈተ አካውንት ብዙ ጊዜ የኢሜይሉ መጀመሪያ 5 ፊደል ብቻ ሆኖ ስለሚወጣ ግራ ያጋባል። ጌስት የሚለውን አይታችሁ ግን አትደንግጡ፣ ከዊንዶውሱ ጋር የመጣ ነው።

በጣም የወደድኩት ዊንዶውስ ሆም በሚባለው የቤት እትም ላይም መሥራቱን ነው፣ የተጠቃሚዎች ማስተዳደሪያው መስኮት እዚያ ላይ አይገኝማ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ከመዝጋቴ በፊት ሦስቱንም አያቸዋለሁ።