ሁለት ክረምት የተጠቀምኩበት የሙቅ ውሃ ላስቲክ

ኢንዶሜትሪዮሲስ አለብኝ፣ ማለትም የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጪ ይበቅላል፣ የወር አበባዬ ሲመጣ በቁርጠት ያሰቃየኛል፣ አልትራሳውንድ ላይ ሁሌ ስለማይታይ ስንት አመት "ምንም የለብሽም" እየተባልኩ ከረምኩ፣ አክስቴማ እስካሁን "ስትወልጂ ይተውሻል" ነው የምትለኝ። እሱን እንተወውና ስለ ላስቲኩ ላውራ።

ድሮ ሙቅ ውሃ የምይዘው በሀይላንድ ነበር፣ ሙቀቱ ሲነካው ጭምድድ ይላል፣ ክዳኑም አያስተማምንም። ይሄንን ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አካባቢ ካለ ፋርማሲ ነው የገዛሁት፣ ቀይ ወፍራም ጎማ፣ 2 ሊትር የሚይዝ። በኤሌክትሪክ የሚሰራም ነበራቸው ግን መብራት ሲጠፋ ምን ላደርገው?

በሽታውን አያድንም፣ የተኮማተረውን ጡንቻ ነው የሚያላላው። አይቡፕሮፌኑንም አላስተወኝም፣ ቁርጠቱ ሳይብስ ገና ሲጀምረኝ እህል ቀምሼ እወስዳለሁ (ፆም ላይ ይሄ ነገር ከንስሐ አባቴ ጋር አነጋግሮናል)። ግን ድሮ የወር አበባዬን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን አልጋ ላይ ነበር የማሳልፈው፣ አሁን ላስቲኩን ሆዴ ላይ አድርጌ ጋቢ ደርቤበት ስራ እውላለሁ፣ ሲበርድ ቢሮ ሻይ የምታፈላልን እትዬ ትሞላልኛለች። መጀመሪያ ቀን "ውይ ልጄ፣ ሻዩን በዚህ ልትወስጂው ነው?" ብላ በሳቅ ገደለችኝ። እማዬ ጋ ደብረ ሲና ስወርድም ይዤው ነው፣ ጣርማ በር ላይ ያ ጉም በሚኒባሱ መስኮት ሲገባ ወገቤን የሚያተርፈው እሱ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። እዚህ ከፍታው ወደ 2800 ሜትር ስለሆነ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ እኔም የኛ ሀገር ውሃ ምን ያቃጥላል ብዬ ከምድጃ እንዳወረድኩት ሞልቼ በስስ ቲሸርት ላይ አድርጌው እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ጠዋት ሆዴ ውሃ ቋጥሯል! እና ትንሽ ይብረድላችሁ፣ ጢም አታድርጉት፣ ከመክደናችሁ በፊት አየሩን ተጫን አድርጋችሁ አስወጡ፣ ይዛችሁት አትተኙ። ብዙ ስጠቀም ደግሞ ቆዳዬ ላይ መረብ የመሰለ ቡኒ ነገር ወጣብኝ፣ ሀኪሟ ከሙቀቱ ነው ቀንሺ አለችኝ።

የማልወድለት ሽታው ነው፣ የመጀመሪያው ሳምንት ጎማ ጎማ ይላል። ልብስም የለውም፣ እኔ ከአሮጌ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ቆርጬ ሰፋሁለት። ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ። አሁን አንገቱ ጋ መሰንጠቅ ስለጀመረ ቅዳሜ ሌላ ልገዛ ነው፣ ያው ቀዩን።