«97 ከመቶ ይፈለፍላል» የተባለውን የእንቁላል ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት

ትንሽ ዲጂታል የእንቁላል ማስፈልፈያ ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ዕቃው በስንት ቀን ውስጥ ይመለሳል? የዶሮ እንቁላል የሚፈለፈለው በ21 ቀን ነው። የመመለሻ ጊዜው አንድ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ከሆነ፣ ማሽኑን በጫጩት እስክትፈትኑት ሻጩ ከእጃችሁ ወጥቷል። መጥፎ ማሽን የሚሸጥ ሰው ይህን ሒሳብ ከእናንተ በፊት ሠርቶታል።

ለእኔ የተሸጠልኝ ሲያዩት ያምራል። ግልጽ ክዳን፣ ሰማያዊ መብራት፣ «ሙሉ አውቶማቲክ፣ 97 ከመቶ ይፈለፍላል» የሚል ማስታወቂያ። ስክሪኑ ላይ የሙቀቱ ልክ 37.8 ዲግሪ ተብሎ ተጽፏል፤ ንቅንቅ አይልም። እንቁላል ሳላስገባ ባዶውን አስነሳሁትና ሁለት ተራ ቴርሞሜትር አስቀመጥኩበት። አንዱን መሃል፣ አንዱን ጥግ፣ ሁለቱንም እንቁላል በሚተኛበት ከፍታ። መሃሉ ከ39 አለፈ። ጥጉ 36 አልሞላም። ስክሪኑ ያው 37.8 ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ሙቀት የምትለካው ሴንሰር የተንጠለጠለችበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው። ሴንሰሯ ክዳኑ ሥር ተለጥፋ እንቁላሉ ታች ከሆነ፣ ስለ እንቁላሉ የምታውቀው ነገር የለም። ፋኑ ደካማ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ ማሞቂያው አጠገብ ይከማቻል፣ ጥጉ ይቀዘቅዛል። ፋን ላለው ማሽን የሚፈለገው 37.5 አካባቢ ነው። ከዚያ በጣም ሲያልፍ ሽሉ ይሞታል፣ ወይም ጫጩቱ ቀድሞ እምብርቱ በደንብ ሳይዘጋ ይወጣል። ሲያንስ ይዘገያል፤ ሆዱ የተነፋ፣ መቆም ያቃተው ጫጩት ታገኛላችሁ። በአንድ ማሽን ውስጥ ሁለቱንም ማየት ይቻላል፣ ጉድ እኮ ነው።

ሻጩን ሳናግረው «ካሊብሬት አድርገው» አለኝ፤ የሚያሳየውን ቁጥር ከትክክለኛው ሙቀት ጋር አስተካክለው ማለቱ ነው። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ሜኑ ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ስህተቱ በሁሉም ቦታ እኩል ቢሆን ይህ ይበቃ ነበር። መሃልና ጥጉ በሦስት ዲግሪ ከተራራቁ ግን አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። ይህን ስነግረው «እንቁላል ሳታስገባ እንዴት ታውቃለህ?» አለ። እንቁላል አስገብቶ ለከሰረው ደግሞ መልሱ ሌላ ነው፦ «እንቁላልህ ለም አልነበረም።» አይ ብልጠት! ከ21 ቀን በኋላ ማን ይህን ያረጋግጣል?

ስለዚህ ማሽኑ በገባ ዕለት ባዶውን ሰክታችሁ አንድ ሙሉ ቀን አቆዩት። ቴርሞሜትሮቻችሁን አስቀድማችሁ ከትኩሳት መለኪያ ጋር ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አመሳክሩ። ከዚያ መሃልም ጥግም ለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ ብዙ ካለፈ ቪዲዮ ቅረጹና ለሻጩ በጽሑፍ ላኩ። በስልክ ብቻ አታውሩ፤ በኋላ «አልሰማሁም» ይመጣል።

97 ከመቶ የምትለዋን እርሷት። ውጤቱ በእናት ዶሮዎቹ ጤንነት፣ አውራ ዶሮ በመኖሩ፣ እንቁላሉ ስንት ቀን በመቀመጡ ይወሰናል። ከሳምንት በላይ የቆየ እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ሳያይ ቁጥር ቃል የሚገባላችሁ ማሽን የለም።

«ሙሉ አውቶማቲክ» የሚለውም ተዘርዝሮ ይነገራችሁ። ብዙ ጊዜ ራሱ የሚሠራው እንቁላሉን ማገላበጡን ብቻ ነው። በማሽኑ ውስጥ ያለውን የአየር እርጥበት ስክሪኑ ያሳያል እንጂ ማሽኑ አይቆጣጠርም፤ ውሃ የምትጨምሩት እናንተ ናችሁ። እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 ከመቶ፣ ከዚያ በኋላ ማገላበጡ ቆሞ ከ65 እስከ 70 መድረስ አለበት። የእርጥበት መለኪያውንም አትመኑት። በውሃ የራሰ ጨው በትንሽ ክዳን ላይ አድርጋችሁ ከሌላ ራሱን ከቻለ የእርጥበት መለኪያ ጋር በጥብቅ በተዘጋ ላስቲክ ውስጥ ብታቆዩ፣ ከብዙ ሰዓት በኋላ 75 ከመቶ ማንበብ አለበት። ማሽኑን በዚያ መለኪያ አስተያዩት።

የማገላበጫውን ሞተር ባዶውን ሲዞር አይታችሁ አትርኩ። ከሱቅ የተገዛ የምግብ እንቁላል ሞልታችሁ ሞክሩት። ክብደት ሲያርፍበት የሚንገጫገጭና የሚቆም ሞልቷል። እግረ መንገዳችሁን ስንት እንቁላል እንደገባ ቁጠሩ፤ ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር አንዳንዴ የድርጭት እንቁላል ነው።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራል ከተባላችሁም፣ ማሞቂያው ጭምር በባትሪ ሲሠራ አሳዩኝ በሉ። ፋኑ ብቻ ቢዞር የሚጠቅማችሁ ነገር የለም። ሴንሰርና ሞተር ለብቻው ይሸጡ እንደሆነም ጠይቁ።

«ባዶውን አንድ ቀን ሞክሩት፣ ካልሆነ መልሱ» የሚል ሻጭ ካገኛችሁ ዋጋው ትንሽ ቢወደድም ከእሱ ግዙ። «አንዴ ከተሰካ አይመለስም» የሚላችሁን ግን አመስግናችሁ ውጡ።