ሳቢያን ያለው ጋራዥ፣ የመሪ ላስቲክ ያስቀየርኩበት

ድሬ ፒካፕ የምትነዱ ልጆች የመሪውን ላስቲክ፣ ያ ግራና ቀኝ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈውን፣ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ሀይሉክሴን ለዘይት ቅየራ ሳቢያን ያለ ጋራዥ ወስጄ ሜካኒኩ ሳልጠይቀው ከስር ገብቶ አየልኝ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙር አለኝና ላስቲኩ ሲለጠጥ እጥፋቱ መሀል ያለው ስንጥቅ ወለል ብሎ ታየ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ሲቆም እኮ ምንም አይመስልም። የኛ ሀገር አሸዋ ደግሞ እንኳን በተቀደደ ላስቲክ በተዘጋ መስኮትም ይገባል፣ ከግሪሱ ጋር ሲቀላቀል ታይሮዱን (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) ይበላዋል።

በጣም የተመቸኝ ላስቲኩን አውልቆ ውስጡን በጣቱ ጠርጎ ማሳየቱ ነው፣ ዘይት የለውም፣ ዘይት ቢኖር ኖሮ የመሪው ኦይል ሲል (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጎሚኒ) እያፈሰሰ ነው ማለት ነው፣ ላስቲክ ብቻ መቀየር ብርህን መጣል ነበር አለኝ። የታይሮዱን ጫፍ ከመፍታቱ በፊት የብሎን ጥርሱ ላይ በቀለም ምልክት አደረገ፣ ከዛ አዲስ ግሪስ፣ አዲስ ፋሸታ (ላስቲኩን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት፣ ሌላ ቦታ በሽቦ ጠምዝዘው ነው የሚሸኙህ)፣ ላስቲኩም እንዳይጣመም መሪውን ወዲህ ወዲያ እያዞረ አየው።

ቅር ያለኝ ሰዓቱ ነው፣ ከምሳ በኋላ በርጫ ስለሆነ ማንም ቁልፍ አያነሳም ሃሃ፣ ጠዋት በጊዜ ሂዱ። አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ማሽንም የላቸውም፣ እሱን ሌላ ቦታ አሰሩ፣ ከተዋችሁት ጎማው በአንድ ጎን ያልቃል። ላስቲኩን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትሄዱ አይከፋቸውም፣ ግን የመኪናውን ሞዴልና ዓመተ ምህረት ይዛችሁ ግዙ።