ፒክስ ከረጢት፦ ሐምሌ ላይ ለሚከፈት ማሽላ

በሐረር ዙሪያ ማሽላ ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል። ጎተራው የሚራቆተው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ አዲሱ እህል ገና እሸት ሳይሆን ነው። በተራ ማዳበሪያ የገባ ማሽላ ያን ያህል አይጠብቅም። ሙቀት ባለበት ነቀዝ ከእንቁላል ተነሥቶ ለመራባት 5 ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከእሷ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ከምትገኘው ሐረር ይፈጥናል።

ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት የመጣው ለዚህ ችግር ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ፣ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የላም አተርን ከነቀዝ ለማዳን ባደረጉት ጥረት ነበር። ውጫዊው ንብርብር የምናውቀው የተሸመነ ማዳበሪያ ነው። ውስጡ ሁለት ያልተጣበቁ ፕላስቲኮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 80 ማይክሮን ውፍረት አላቸው። መድኃኒት የለበትም። የታሰረበት ነቀዝ የከረጢቱን አየር ራሱ ተንፍሶ ይጨርሳል፤ ኦክስጅኑ ሲወርድ መብላትና መራባት ያቆማል፣ ኋላም ደርቆ ይሞታል።

ከረጢቱን የሚያስወቅሰው አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመው ገና ሳይሞላ፣ ማድረቁ ላይ ነው። አየር የማያስገባ ዕቃ እርጥበትም አያስወጣም። እርጥብ ማሽላ ታስሮ ከከረመ በነቀዝ ፋንታ ሻጋታ ይበላዋል። እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች መውረድ አለበት። መለኪያ ለሌለው ሰው ጨው ይረዳል፦ በደረቅ ጠርሙስ ሲሶ ያህል ማሽላ ተጨምሮ፣ 2 ወይም 3 ሾርባ ማንኪያ ፀሐይ ላይ የደረቀ ደቃቅ ጨው ይታከልበታል። 1 ደቂቃ ያህል ተንጦ 15 ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ጨው አለመጣበቁ የሚያሳየው እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ፈተናውን ያለፈ ማሽላ ሸራ ላይ ስስ ሆኖ ተሰጥቶ፣ እየተገላበጠ ተጨማሪ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ማግኘት አለበት። ሲነከስም ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። እኩለ ቀን ላይ ትኩሱን መሙላት ሌላው ስሕተት ነው፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ፕላስቲኩ ውስጡን ያልበዋል። ጥላ ውስጥ ቀዝቅዞ ጠዋት ይሞላ።

መሬት ላይ በዱላ የተወቃ ማሽላ ጠጠርና ስንጥር አያጣም፤ ሳይበጠርና ሳይነፋ ከገባ ፕላስቲኩን ይበሳል። ከመሙላቱ በፊት ሁለቱም ፕላስቲኮች በየተራ በአየር ተነፍተው፣ አፋቸው ተጨብጦ ጫን ይባሉ። ቀዳዳ ካለ ፉጨቱ ይሰማል። ከዚያ አንዱ በሌላው፣ ሁለቱም በማዳበሪያው ውስጥ ይገባሉ። እህሉ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ ከረጢቱ ይነቀነቃል፤ ክፍተት የቀረ አየር ለነቀዝ ስንቅ ነው። ከላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። የውስጠኛው ፕላስቲክ አፍ ተጨምቆ፣ ተጠምዝዞና ታጥፎ በሲባጎ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ማዳበሪያውም እንደዚያው። ሦስቱን ባንድ ገመድ አፍኖ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው።

ከታሰረ በኋላ ቢያንስ 2 ወር አይነካ። በተከፈተ ቁጥር አዲስ አየር ይገባል፣ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ለዚህም ነው በየሳምንቱ ለሚቀዳ የቤት ፍጆታ ይህን ከረጢት የማንመክረው። ብዙ ካለ አንዱ እስኪያልቅ ሌላው አይፈታም፤ ባለ 50 ኪሎው ከተገኘ ከባለ ኩንታሉ የተሻለ ነው።

ከረጢቱ የማይችለው ጠላት አይጥ ነው። ሦስቱንም ንብርብር በአንድ ሌሊት ይበሳል። እንጨት ረብርቦ ላይ፣ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ርቆ መቀመጥ አለበት፤ ቤቱ ድመት ቢኖረው ደግሞ ግማሽ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እስከ ላይ መደርደርም ጥሩ አይደለም፤ ቀን የሚግል፣ ሌሊት የሚቀዘቅዝ እህል እርጥበቱ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል።

«ለማንኛውም» ብሎ ከረጢቱ ውስጥ የነቀዝ ክኒን የሚጥል አለ። ይህ ከንቱም አደገኛም ነው። ክኒኑ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ለዚያ ጋዝ ማርከሻ የለውም። ሰው በሚተኛበት ክፍል ፈጽሞ መግባት የሌለበት ነገር ነው። ከረጢቱን የምናመሰግንበት አንዱ ምክንያትም ይህን ክኒን ከቤት ማስወጣቱ ነው።

ጉድጓዱስ? የሐረርጌ የማሽላ ጉድጓድ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ የሚቆፈር፣ የዚሁ የአየር ማሳጣት ዘዴ ታላቅ ወንድም ነው። ከአንድ ከረጢት ብዙ እጥፍ ይይዛል፣ አይጥም በቀላሉ አያገኘውም። ጉድለቱ ከግድግዳው የሚሰርገው እርጥበት ነው፤ ዳር ዳሩ ይሻግታል፣ ሽታ ያመጣል፣ የመብቀል ኃይሉም ይሞታል። ሲከፈት ደግሞ በደንብ ሳይናፈስ የሚገባበት ሰው ታፍኖ ሊሞት ይችላል። እንዲህም ሆኖ፣ ከዓመት ዓመት ተርፎ ለክፉ ቀን ለሚቀመጥ ብዙ ኩንታል ከረጢት እየገዙ መደርደር ጉድጓዱን አይተካም። ዕቃው የሚመረጠው እህሉ የሚከፈትበት ጊዜ ታይቶ ነው፦ የዚህ ሳምንቱ በተራ ማዳበሪያ፣ የሐምሌው በፒክስ፣ የክፉ ቀኑ በጉድጓድ።

ዘር የተለየ ነገር ነው። እንደ ሙይራና ፈንዲሻ ያሉት ነባር ማሽላዎች ቆይተው የሚደርሱ ስለሆኑ ሚያዝያ ላይ መዘራት ይፈልጋሉ። የበልጉ ዝናብ ከዘገየ ወይም ቡቃያውን ከጣለው፣ ገበሬው ፈጥኖ በሚደርስ ዘር ደግሞ መዝራት አለበት። ያን ጊዜ እጁ ላይ ሕያው ዘር የሌለው ሰው ገበያ ያመጣለትን ነው የሚዘራው። ለግማሽ ሄክታር 5 ወይም 6 ኪሎ ዘር ይበቃል፤ ለድጋሚ ቢታሰብም 15 ኪሎ አይዘልም። ለዚህ ሙሉ ፒክስ መግዛት አያስፈልግም። በደንብ የደረቀ ዘር እስከ አፉ ሞልቶ ክዳኑ የተጠበቀ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ኪሎ ይይዛል፤ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድም 1 ኪሎ ተኩል ገደማ። በየዓይነቱ በተለያየ ሃይላንድ ማስቀመጥ ዘሩ እንዳይደባለቅ ያደርጋል። መጋቢት ላይ 100 ፍሬ ቆጥሮ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ መጠቅለልና በሳምንቱ የበቀለውን መቁጠር ነው፤ ከ85 ካነሰ ዘሩ ጨመር ተደርጎ ይዘራ።

የፒክስ ዋጋ ከተራ ማዳበሪያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ግን በአግባቡ ከተያዘ 2 ወይም 3 ዓመት ያገለግላል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ፕላስቲኮቹ ብርሃን ላይ ተዘርግተው ይታዩ፤ ጥቂት ቀዳዳ ያለው በፕላስተር ተለጥፎ ወደ ውጭ፣ ደህናው ወደ ውስጥ ይዙር። ገበያ ላይ ሲገዛ እጅ ከቶ ሁለቱ ፕላስቲኮች መኖራቸውን መቁጠር ይገባል፤ አንድ ብቻ ያለው ሌላ ዕቃ ነው። ፕላስቲኩ በአውራ ጣት ሲለጠጥ እንደ ፌስታል ከተቀደደም አይገዛ።