ቁጥሩ ሳይሆን ሥዕሉ ነው ዋጋ የሚያወጣው

ትሮምሶ፣ ሰሜን ኖርዌይ የምትኖረው ታላቅ እህቴ አንድ የሳሚ (የሰሜን ስካንዲኔቪያ ነባር ሕዝብ) ሠዓሊ ሥራ ገዝታ አመጣችልኝ። ኦሪጅናሉ አይደለም፤ ውስን ቅጂ የሚሉት ኅትመት ነው። ከታች በስተግራ በእርሳስ 47/150 (ከ150 ቅጂ 47ኛው ማለት ነው) ተጽፎበታል፤ በስተቀኝ የሠዓሊዋ ፊርማ አለ። እኔ ደግሞ አራት ኪሎ አካባቢ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ኅትመት ሲባል ዝም ብዬ አላልፍም።

በሥዕሉ ልጀምር። ከላይ የታየ መንጋ ነው። ሬይንዲር የሚባሉት የበረዶ አገር አጋዘኖች አጥር ውስጥ ክብ ሠርተው ይዞራሉ። በረዶው ነጭ አይደለም፣ ሰማያዊ ነው። ትሮምሶ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም፤ ቀትር ላይ ያለው ብርሃን ይኸው ነው ትላለች እህቴ። መሃል ላይ ቀይና ቢጫ ጥለት ያለው ሰማያዊ ልብስ የለበሰ ሰው ገመድ ይዞ ቆሟል። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ የአንዷ ጆሮ ጫፍ ላይ የቢላ ምልክት አለ። እያንዳንዱ ባለመንጋ የራሱ የጆሮ ምልክት አለው። ከብት አርቢ ቤት ላደገ ሰው ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም። ቤቴ የሚመጣው ሰው ግን «የገና አባትስ የት ሄደ?» ይለኛል። አሁንስ ሰለቸኝ።

ጠርዙ ላይ ሳሚዎች በእምነት ከበሮዎቻቸው ላይ ይሥሏቸው የነበሩ ዓይነት ትንንሽ ቅርጾች አሉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰባኪዎችና ሹማምንት የሳሚን ከበሮዎች ጥንቆላ ነው እያሉ ይቀሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1691 የተቀማ አንድ ከበሮ ከዴንማርክ ወደ ሳሚዎች የተመለሰው በ2022 ነው። የእኛው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን በክታብና በጠልሰም የሠራውን ያየ ሰው ዛሬ የሳሚ ሠዓሊዎች እነዚያን ቅርጾች ለምን እንደሚያነሱ ቶሎ ይገባዋል። በዚያው በ2022 ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ የኖርዲክ አገሮች ማሳያ ቤት ለሦስት የሳሚ አርቲስቶች ተሰጥቶ ነበር። አንዱ አንደርሽ ሱና ቤተሰቡ በሬይንዲር እርባታ መብት ከስዊድን ባለሥልጣናት ጋር ለአሥርት ዓመታት የገባበትን ሙግት ነው የሣለው። ሙግት የሚያውቅ ሐበሻ ይሄን ማየት አለበት።

አሁን ወደ ኅትመቱ። በማጉያ መነጽር አየሁት። ኦፍሴት (መጽሔትና ፖስተር የሚታተምበት የፕሌት ኅትመት) ቢሆን የቀለም ነጥቦቹ ተሰልፈው የአበባ ቅርጽ ይሠሩ ነበር። እዚህ ግን ቀለሙ እንደ ጉም ተበትኗል፤ በጥሩ የቀለም መርጫ ማሽን የታተመ ነው። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 310 ግራም የሚመዝን ጥጥ። ጨለማው ውስጥ ያሉት ሰማያዊዎች አልተደፈኑም፤ እያንዳንዱ ይለያል። በዚህ እንከን አላወጣም።

ቅር ያለኝ ሌላ ነው። ሻጩ ይህንኑ ሥዕል በሌላ መጠን ደግሞ በ150 ቅጂ ይሸጣል። ታዲያ ውስንነቱ ምኑ ላይ ነው? ከፋይል የወጣ ቅጂ አንደኛውም መቶ ሃምሳኛውም ያው ነው። በ36 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ያረፈው የሳሚው ዮን ሳቪዮ እንጨት ቀርጾ ነበር የሚያትመው። እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ቁጥር ትርጉም አለው፤ እንጨቱ ያልቃል፣ እጅም ይደክማል። የእኛው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በእጅ የሚያትሙትን ያየ ልዩነቱን ያውቀዋል። ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር የመጣውን «ሰርተፊኬት» መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ፍሬም ላሠራ ፒያሳ ሄድኩ። ስሙ ይቅርና ልጁ ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ «እህቴ፣ ይሄ ነጩ ምን ያደርግልሻል? ልከርክመውና ቺፑድ ላይ በኮላ ልለጥፈው?» አለኝ። ፊርማውም ቁጥሩም ያለው ነጩ ላይ ነው! ቀምቼው ወጣሁ። ሌላ ቤት ወስጄ በካርቶን ጠርዝ አሠራሁት፤ ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ፣ ከኋላም ኮላ እንዳይገባ። ጨመር አድርጌ ከፈልኩ፣ አልቆጨኝም። የአዲስ አበባ ፀሐይ ቀለም ስለምትበላ በመስኮቱ ፊት ለፊት አልሰቀልኩትም።

ልትገዙ ካሰባችሁ ሻጩን «በስንት መጠን፣ በጠቅላላው ስንት ቅጂ?» በሉት። መልሱን ካድበሰበሰ ዋጋውን አስቀንሱ። ለእህቴ በሚቀጥለው ስትመጣ በእንጨት የታተመ፣ የመዳፍ ያህልም ቢሆን አምጪልኝ ብያታለሁ። ዋጋውን አጣርታ «አንቺ ነሽ የምትከፍይው?» አለችኝ።