የኮክቴል ድግስ ላሰባችሁ፦ ይህን ልጅ ጥሩት

ኮክቴል ላዘጋጀልን ባርቴንደር ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ባለፈው እሑድ ነው። ድካሙም ደስታውም ተደራርቦብኝ ቆየሁ።

የባለቤቴን 40ኛ ዓመት ልደት ቤታችን ውስጥ በኮክቴል ለማክበር ሳስብ ሆዴ ባር ባር ይል ነበር። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተቃጥያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ባርቴንደሮች በረዷቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። እንግዶቼ ለብ ያለ መጠጥ ይዘው ቆሙ፣ ይቅርታ ያለኝ የለም። ሁለተኛው ቀብዱን ተቀበለና በዕለቱ ስልኩን ዘጋ። እስከ ዛሬም ዝግ ነው። ያን ቀን እንግዶቼን ምን እንደምላቸው ጠፍቶኝ መኝታ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።

ይሄኛው ባርቴንደር ግን ሌላ ሰው ነው። ገና ስንደዋወል "አልኮል የማይጠጡ ስንት እንግዶች አሉ?" ብሎ ጀመረ። ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለ35 ሰው 30 ኪሎ በረዶ ሲያስመጣ በዛ አልኩት። "ለአንድ ሰው ከግማሽ ኪሎ በታች አይታሰብም፤ ጠርሙስ የሚያቀዘቅዘውም ብርጭቆ ውስጥ የሚገባውም ከዚሁ ነው" አለኝ። እኔ አሥር ዓይነት ኮክቴል ስፈልግ በትሕትና ወደ ሦስት አወረደኝ፤ ሞሂቶ (ሩም በናና፣ በሎሚና በሶዳ)፣ ኔግሮኒ፣ አንድ አልኮል የሌለው። ኔግሮኒው ጂን፣ ካምፓሪ የሚባለው መራራ ቀይ መጠጥና ቀይ ቬርሙት (በቅመም የተዘጋጀ ወይን) እኩል እኩል ስለሆነ አስቀድሞ ደባልቆ በጠርሙስ ይዞት መጣ። ሎሚውን ግን እዚያው ጨመቀው። የትኛው በሼከር እንደሚመታ፣ የትኛው በማንኪያ እንደሚማሰል፣ ለምን እንደሆነም አስረድቶኝ ነበር፤ አልያዝኩትም። የማውቀው ባዶ እጁን የቆመ እንግዳ አለማየቴን ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። ታላቅ እህቴ መጠጥ ካቆመች ዘጠኝ ወሯ ነው። ድግስ መሄድም ትታለች፤ "አንድ ብቻ" የሚል ሰው አይጠፋማ። ያን ምሽትም አንድ ዘመዳችን ብርጭቆ ይዞ ፊቷ ተገተረ። ልደርስላት ስል ልጁ ቀደመኝ። "ይቅርታ፣ ያዘዙት ደርሷል" ብሎ ረጅም ብርጭቆ አቀበላት። ናና፣ ሎሚ፣ ሶዳ፣ በረዶ። ሲያዩት ከሞሂቶው በምንም አይለይም። እሷ ግን ምንም አላዘዘችም ነበር! ዘመዳችን ዞር አለ፣ ልጁም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሥራው ተመለሰ። ብርጭቆዋ በጎደለ ቁጥር ያንኑ እየሞላላት አመሸ። እንግዶች ከሄዱ በኋላ ወጥ ቤት ቆመን "ለምን አትጠጪም ያለኝ ሰው የለም እኮ" አለችኝ። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ያደረግክልንን መቼም አልረሳውም።

ድግስ ያሰባችሁ ሁሉ ጥሩት። ደግሜ እላለሁ፣ ጥሩት! ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ቅዳሜዎቹ ቶሎ ስለሚያዙ ከወር በፊት ደውሉለት።