ለትንሽ ቤዝ አምፕ፦ አንድ ባለ 12 ወይስ ሁለት ባለ 10?

በአንድ እጅ የሚነሳ የቤዝ ጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ራሴ ልገጣጥም ስነሳ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የስፒከሩ ነገር ነው። አንድ ባለ 12 ኢንች ይሻላል ወይስ ሁለት ባለ 10?

አየር በመግፋት ሁለቱ ባለ 10 ይበልጣሉ። ስፋታቸው ሲደመር ከአንዱ ባለ 12 በሲሶ ያህል ይሰፋል። ሁለት ባለ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ስፒከሮች በትይዩ ሲገናኙ ደግሞ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ብዙ የክላስ ዲ አምፖች (ቀለል ያሉት፣ ኃይል የማያባክኑት ዓይነት) በ4 ኦም ከ8 ኦም የበለጠ ዋት ያወጣሉ።

ሳጥኑስ? ነገሩ ያለው እዚህ ነው። የቤዙ ወፍራም ክር ባዶውን ሲመታ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) ገደማ ነው። ለዚህ ድምፅ ስፒከር በቂ ቦታ ይፈልጋል። እኔ መጀመሪያ ሁለቱን ጠባብ ሳጥን ውስጥ አጨቅኳቸው። ወፍራሙን ክር ስመታው ጣቴ ላይ ያለው ንዝረት ከስፒከሩ አልወጣም። ደረቅ «ደክ» ብቻ!

ባለ 12ቱ ግን እንደ ዓይነቱ 40 ሊትር አካባቢ በሆነ ሳጥን ጥሩ ይሠራል። ማግኔቱ ኒዮዲሚየም ከሆነማ ከተለመደው የፌራይት ማግኔት በጣም ይቀላል። ሳጥኑን በ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሠርቼ ውስጡን በማገር አጠናከርኩት፤ አይንቀጠቀጥም።

ከበሮው ኃይለኛ ከሆነ ባንድ ጋር የሚጫወት ሁለቱን ባለ 10 ሰፋ ባለ ሳጥን ይያዝ። ለታክሲና ለደረጃ ግን ምርጫዬ ባለ 12ቱ ነው።